ኦፍሳይድ ለጽጌ ሲብራራ

[እሑድ ጠዋት፣ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ የሰፈር ኳስ ሜዳ። የጤና ቡድኑ ሜዳው ላይ ያሟሙቃል። አምበሉ ካሳሁን ከጎረቤቱ ከጽጌ ጋር ይከራከራል። ከጽጌ ጋር ሊጫወቱ የመጡት ሴቶች ዳር ቆመዋል። ከሜዳው መስመር ውጪ አንድ ዋርካ አለ።]

ካሳሁን፦ አይሆንም አልኩሽ። ከእኛ በኋላ።

ጽጌ፦ እናንተ ስትጨርሱ እኮ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጋሼ። ስንቱን እሑድ ሳንጫወት ተመለስን።

ካሳሁን፦ የሜዳው ደንብ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ይጫወታል፣ የወጣ ተራ ይጠብቃል። ደግሞ ሴት ኳስ አትወድም። ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያን ሁሉ ዓመት ውሃዬን ይዛ ዳር ስትቆም አንድ ቀን ልጫወት አላለችም።

ጽጌ፦ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?

ካሳሁን፦ [ካልሲውን ይስባል] ኦፍሳይድ እንኳ ሳታውቂ ምን ልትጫወቺ ነው?

ጽጌ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። ያስረዱኝ እስቲ።

ካሳሁን፦ ቀላል ነው። ኩማ ተከላካይ ነው። ኳስ ሲላክልኝ እሱን አልፌ ከቆምኩ ኦፍሳይድ ነኝ።

ጽጌ፦ በወሬ አይገባኝም። እዚህ ዋርካው ስር ይምጡና ያሳዩኝ።

[ካሳሁን ኩማን ጠርቶ ዋርካው ስር ያቆመዋል።]

ጽጌ፦ በረኛውስ?

[በረኛውም ይመጣል።]

ጽጌ፦ ታዲያ ኳሱን ማን ይላክልዎ?

ካሳሁን፦ ፋሲል፣ ና። ኧረ ሁላችሁም ኑ፤ ይቺ ሴትዮ በቁራጭ አይገባትም።

[ቡድኑ በሙሉ ዋርካው ስር ይሰለፋል። ኩማና ፋሲል ማን ከማን ፊት እንደሚቆም ይጨቃጨቃሉ፤ ካሳሁን ሁለቱንም ይቆጣና ለጽጌ እንደገና ከመጀመሪያው ይነግራታል።]

ካሳሁን፦ አሁንስ ገባሽ?

ጽጌ፦ ገባኝ። ዞር ይበሉ እስቲ።

[ይዞራል። ሴቶቹ ሜዳውን ሞልተውታል። ሐና ኳሱን ረግጣ ትጠብቃለች።]

ካሳሁን፦ አንቺ አታላይ።

ጽጌ፦ የራስዎ ደንብ ነው፣ ጋሼ። እናንተ ወጥታችኋል። [የውሃ ሃይላንዷን ታስይዘዋለች] ይቺን ይያዙልኝ።

[ሮጣ ትገባለች፤ ጨዋታው ይጀመራል።]

ጽጌ፦ ሐና፣ ኦፍሳይድ ላይ ነሽ፣ ተመለሺ። [ወደ ዋርካው ዞራ] ለመሆኑ ወንዶች ኳስ አትወዱም እንዴ? ሁላችሁም ዳር ቆማችሁ።

ካሳሁን፦ [የያዘውን ውሃ እያየ] ማን ጠየቀን?