የኦድቫር ቅንድብ

በስተርጅና፣ ያለ አስተማሪ፣ ቤቱን ዘግቶ ቋንቋ የሚማር ሰው ከቋንቋው ባለቤት ይበልጥ አዋቂ ነው። ይህን የምለው በምቀኝነት አይደለም፤ ከግድግዳዬ ማዶ አንድ ስላለኝ ነው። እኛ የአርጀንቲናዋ ኮንኮርዲያ ሰዎች ስፓኒሽን ከእናታችን ጡት ጋር ስለጠባነው እንዳመጣልን እንናገረዋለን። ክቡርነታቸው ሊቀ ሊቃውንት ኦድቫር ግን «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ይሉናል። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብኝ፤ ጎረቤቴ ነው።

ኦድቫር ኖርዌያዊ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ሚስቱ ኤልቪራ የሰፈራችን ልጅ ነበረች፤ ጡረታ ሲወጣ ይዛው መጣች። የእሱን ቋንቋ አሳምራ ትናገር ስለነበር አፉም ጆሮውም እሷው ነበረች። በመጡ በስድስት ወራቸው ሞተችበት። አሁንስ ወደ አገሩ ይመለሳል ስንል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዛና በሩን ዘጋ።

ይኸው አራት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል «በላሁ፣ በላህ፣ በላች» እያለ ይቀሰቅሰኛል። አንዳንዴ ጺሜን እየላጨሁ ሳላውቀው አብሬው እላለሁ። በየዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ «በር»፣ «ማንኪያ»፣ «ጣሪያ»። ጣሪያው ላይ በምን እንደደረሰ አልጠየቅኩትም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ። አንዱ ላይ «ወንበር» ይላል፤ ሌላው ላይ «ኤልቪራ»።

መጽሐፉ በማን ዘመን እንደተጻፈ እንጃ። ዳቦ ቤት ይገባና «ክብርት እመቤት ሆይ፣ ግማሽ ኪሎ ዳቦ ቢሸጡልኝ ውለታዎን እስከ መቃብር አልረሳም» ይላል። ባለዳቦዋ «ይሄ ሰውዬ የሚጠይቀው ዳቦውን ነው እኔን?» ትላለች። የኔን ውሻ እንኳ «እባክዎ ከመንገዱ ዘወር ይበሉልኝ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሻው ዘወር አለለት። እኔ ስጠራው ቀና ብሎም አያየኝ።

ኦድቫር ከዚህ ሁሉ ልፋት የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አርብ ከሰዓት በሰፈሩ ክበብ ትሩኮ በምንጫወትበት ጠረጴዛ መቀመጥ። ትሩኮ ሁለት ለሁለት የሚገጠምበት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ግማሹ ካርታ፣ ግማሹ ወሬና ውሸት። አራት ዓመት ሙሉ አጠገባችን ቆሞ ሲያይ ከረመ። አራተኛችን ልጁ ዘንድ ሊኖር ሮዛሪዮ ከተማ ሲገባ ወንበሩ ባዶ ቀረ፤ እኔም የኦድቫርን ስም አነሳሁ።

«አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ ይመሻል እኮ» አለ ከኔ ጋር የሚጣመረው ኢሪኔዮ።

«ታዲያ ሦስት ሆነን ምን ልንሠራ ነው፣ ልንጸልይ?» አለ ሴፌሪኖ፣ አጣማሪ ያጣው።

«እሺ፣ ሦስት ወር እንየው። ጨዋታችንን ካበላሸ ግን ወደ መጽሐፉ ይመለሳል» አለ ኢሪኔዮ።

በትሩኮ አጣማሪን በፊት ምልክት ማናገር ይፈቀዳል፤ ተቃራኒ ካየብህ የራስህ ጉዳይ ነው። ቅንድብ ከፍ አለ ማለት ሁሉን የሚበላው ባለሰይፉ አንድ እጄ ገብቷል ማለት ነው። የኦድቫር ቅንድብ ደግሞ ቃል ሲጠፋው ሽቅብ ወጥቶ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። ቃል የሚጠፋው በየደቂቃው ነው።

በመጀመሪያው አርብ ሴፌሪኖ ያን ቅንድብ አይቶ «ትሩኮ» ብሎ ውርርዱን ከፍ አደረገ። ኢሪኔዮም ሰርቆ አይቶት ኖሮ «አልፈልግም» ብሎ ካርታውን ጣለ፤ ነጥቡን ወሰዱ። በኋላ የኦድቫር እጅ ሲገለጥ ከሁሉ የሚያንሰው አራት ቁጥር ነው።

«ዓይኑን በጨው የታጠበ ውሸታም አመጣችሁብኝ» አለ ኢሪኔዮ፣ አድናቆቱ ፊቱ ላይ እየታየ። አንዳንዴ ደግሞ ባለሰይፉ በእርግጥ ይገባለት ስለነበር እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይ ጠፋ።

እኔ በሁለተኛው አርብ ነቃሁበት። አጥሩ ጋ ቆመን ስናወራ «ቲማቲም» የሚለው ቃል ሲጠፋው ያንኑ ፊት አይቼው አውቃለሁ። ግን ትንፍሽ አላልኩም። ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሲስቅ በግድግዳው በኩል ሰማሁት፤ ኤልቪራ ከሞተች ወዲህ ሳቁን ሰምቼው አላውቅም። እና እያወቅኩ ካርታዬን እየጣልኩ መሸሽ ጀመርኩ።

ጉዱ የመጣው ቋንቋው ሲሻሻል ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ቃሉ እንደ ልቡ ይመጣለት ጀመር፤ ቅንድቡም አርፎ ተቀመጠ። ቅንድቡን አይቶ የሚሸሽ ስላጣ በላይ በላዩ ይሸነፍ ገባ።

«ሰውዬው ደነዘዘብን» አለ ኢሪኔዮ በመጨረሻው አርብ። «ዛሬም ከተሸነፈ ወንበሩን ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ እሰጣለሁ።» ኦድቫር ይህን ለመረዳት መጽሐፉ አያስፈልገውም ነበር።

መጨረሻው ላይ ለማሸነፍ ለነሱ አንድ ነጥብ ቀረ፣ ለኛ ሁለት። ካርታዬን ገለጥ ሳደርግ ባለሰይፉ አንድ። የአርባ ዓመት ልማድ ነውና ቅንድቤ ራሱ ተነሳ። ኢሪኔዮ ጎንበስ ብሎ ማቴ በምንለው የቅጠል ሻይ ላይ ሙቅ ውሃ እየጨመረ ስለነበር አላየኝም።

«ትሩኮ» አለ ኦድቫር፣ ኮራ ብሎ። «ከፈራችሁ አሁኑኑ ተናገሩ።»

«አልፈልግም» አልኩና ካርታዬን ከሌሎቹ መሀል ቀበርኩት።

«አብደሃል እንዴ? አንድ ነጥብ ነው እኮ የቀራቸው» አለ ኢሪኔዮ።

«ምንም አልያዝኩም ነበር።»

ኢሪኔዮ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ቃሉን ግን አላጠፈም፤ ወንበሩ የኦድቫር ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ኦድቫር ቃላት የሚጽፍበትን ደብተር ይዞ አጥሩ ጋ መጣ።

«ትናንት ካርታዎን ሲያዩ ቅንድብዎ ተነሥቶ ነበር» አለኝ። «የትኛው ቃል ጠፍቶብዎት ነው?»

ጎንበስ ብዬ ውሻዬን ደባበስኩት።

«‹አልፈልግም› የምትለዋ» አልኩት።