በእኔና በጋሼ ታፈረ መካከል የተተከለው ቅንጭብ

አጥር ሲባል ቶሎ ሌባ የሚታወሳችሁ እናንተ ደገኞች ናችሁ። እኛ መተማ ያለን ሰዎች አጥር የምንፈልገው ለሌላ ጉዳይ ነው። ከየካቲት ጀምሮ የቆርቆሮ ቤታችን እቶን ስለሚሆን አልጋው፣ ምሳው፣ ጭቅጭቁ፣ መታጠቡ ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል። ቤት የምንለው ዕቃ ማስቀመጫውን ነው። እንግዲህ አጥር የወደቀ ቀን ግድግዳ እንደወደቀ ቁጠሩት።

በእኔና በጋሼ ታፈረ ግቢ መካከል የነበረውን የማሽላ አገዳ አጥር ምስጥ ጨረሰው። በዚያ ወሰን ማጠር የእኔ ድርሻ ነበር። ጋሼ ታፈረ ሰሊጥ ሲያመርቱ ያረጁ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። በማግስቱ መጡና፣ «መምህር፣ አጥሩ በዚህ ሳምንት ይቁም። ተክል ይሁን፤ አገዳውንማ ምስጥ በላው» አሉኝ።

የባዮሎጂ መምህር እንዲህ ሲባል ምን ያደርጋል? ያጠናል። የኒም ዛፍ ጥላው ግሩም ነው፤ ሲያድግ ግን ከግንዱ በታች ራቁቱን ይቀራል። ሰስባንያ የሚሉት ቁጥቋጦ ቶሎ ያድጋል፤ ፍየል ግን ከእኔ ቀድሞ ያጭደዋል። ቅንጭብን ፍየልም አይደፍረው፤ ወተቱ ግን ዐይን ያጠፋል። ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ሳምንቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ጋሼ ታፈረ በየማለዳው ብቅ እያሉ «አጥሩስ?» ይላሉ። ሰላምታችን ይህ ብቻ ሆነ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያዘገየሁት በእልህ ነው። ባለቤቴ አስናቀች «ምናችንን ተጸይፈው ነው?» ባለች ቁጥር ደሜ ይፈላል። በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ታፈረ ሰሊጥ የሚያራግፉበትን ሸራ አምጥተው ፊት ለፊታችን ወጠሩት። ሰላምታው ቀረ። እኔም አንዲት ችግኝ እንዳልተክል ማልኩ።

የሚያዝያ ነፋስ ግን የሰው መሐላ አያውቅም። አንድ ቀትር ላይ ተነሥቶ ሸራውን ከነገመዱ ነቀለው። እኔና አስናቀች ምሳ ላይ ነበርን፤ ቀና ስንል የጋሼ ታፈረን ባለቤት፣ እትዬ ጥሩዬን አየናቸው። ወገባቸውን እንዳመማቸው ሰምተናል፤ መቆም እንደተሳናቸው ግን አናውቅም ነበር። ከወገብ በላይ ራቁታቸውን የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኚያ ኩሩ ሰው ተንበርክከው ጀርባቸውን በሳሙና ያሹላቸዋል። እትዬ ጥሩዬ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጋሼ ታፈረ ተነሡና በእኛና በሚስታቸው መካከል ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ።

አጥር ሆኑ።

በዚያው ዕለት ከወንዙ ዳር ቅንጭብ በጋሪ አስጭኜ መጣሁ። ሠንጠረዡ የት እንደገባ አላውቅም። ጋሼ ታፈረ ሲቆፍሩ፣ እኔ ስተክል አመሸን፤ «ዐይንዎን ይጠንቀቁ» ከማለት በቀር አልተነጋገርንም። እስኪያድግ ድረስም ሸራውን ለሁለት ሆነን መልሰን ወጠርነው።

ቅንጭቡ በሁለተኛው ክረምት ከቁመቴ አለፈ፤ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። እትዬ ጥሩዬ ያረፉት በዚያው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ልጆቻቸው አልቅሰው ወደ አብደራፊ፣ ወደ ትራክተር ሥራቸው ተመለሱ።

ከእትዬ ጥሩዬ አርባ በኋላ አንድ ጠዋት የገጀራ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ታፈረ ቅንጭቡን ይጨፈጭፉታል፤ ወተቱ በፊታቸው ዙሪያ ይረጫል። ያ ሁሉ ቂም ተመልሶ የመጣ መሰለኝና ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ኧረ ዐይንዎ! ደግሞ ምን አጠፋን?»

ገጀራቸውን አወረዱ። አንድ ሰው በጎኑ የሚያሳልፍ ክፍተት ከፍተዋል።

«ምንም አላጠፋችሁም» አሉ፣ ወደ ግቢያችን እያዩ። «ሳቃችሁ ይሰማኛል፤ ፊታችሁ ግን አይታየኝም።»

ገጀራውን ተቀበልኳቸውና ክፍተቱን አሰፋሁት።