በቁጥጥር ሥር የዋለው ዛፍ

«ሊቀመንበር፣ አግዘኝ አይሉም እንዴ! ጀግና ድሉን ብቻውን ይሸከማል?»

አብዱናሲር ይህን እያለ ከሱቁ ተንደርድሮ ወጣና የተነቀለውን ዛፍ በግንዱ በኩል ጨበጠ። በሌላ እጁ ግማሽ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ይዟል። ጎረቤቱ አቶ ቻላቸው ደግሞ በቅርንጫፉ በኩል ይዘው ወደ ግቢያቸው ይጎትታሉ። እሾሁ ሁለቱንም ያለ አድልዎ ይወጋል።

«ልቀቀው፣ አብዱ።»

«ወላሂ አልለቅም! እዚሁ አስፋልቱ ዳር አቃጥለን ለሰፈሩ ትምህርት እናድርገው እንጂ። ክብሪቱም አለ።»

«አይቃጠልም አልኩህ!»

አብዱናሲር ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ፕሮሶፒስ የሚባለው ይህ እሾሃም ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ የአፋርን ግጦሽ የወረረ፣ ቢቆርጡት ከጉቶው፣ ፍየል ብትበላው ከበጠጧ የሚበቅል ጠላት ነው። አቶ ቻላቸው ደግሞ የጠላቱ ጠላት፣ የሰፈሩ የመጤ አረም ማስወገጃ ግብረ ኃይል ሊቀመንበር ናቸው። ንግግራቸውን ሁሉ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ይጀምራሉ፤ መቼ እንደሚጨርሱ ግን በትክክል የሚያውቅ የለም። እሳቸው ከተሾሙ ወዲህ ስብሰባውም ዛፉም በሚያስደስት ሁኔታ ጎን ለጎን በዝተዋል።

ከሥራቸው ሁሉ የላቀው መመሪያው ነው። «በግቢው ወይም በደጁ ፕሮሶፒስ የተገኘበት ማንኛውም ሰው በሕዝብ ፊት በገዛ እጁ ነቅሎ፣ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ይጠይቃል» ይላል። የመመሪያው የመጀመሪያ ተጠቃሚ አብዱናሲር ነበር። ከሱቁ ጀርባ ክንድ የማታክል ችግኝ ተገኘችበት። ድምፅ ማጉያውን አፉ ሥር የደገኑለት ራሳቸው ሊቀመንበሩ ናቸው፤ «ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» እያሉ። ሚስቱ ሙጂባ እስከ ዛሬ ሲያኮርፍ «ጮክ በል» ትለዋለች።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ገና ሊደርስ ሰሞን ቁመተ ሙሉ ፕሮሶፒስ ከነሥሩ ነቅለው ወደ ቤታቸው ሲያስገቡ እጅ ከፍንጅ የተያዙት።

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ባለቤታቸው አሰፋሽ ታንጉት የምትባል እህት አለቻት፤ አዲስ አበባ። ታንጉት ባለፈው ገና የሳሎኗን የጥድ ዛፍ ፎቶ አንስታ ላከችና ከሥሩ «እናንተ ጋ እንኳን ዛፍ ጥላም የለም አሉ፤ አይዟችሁ» ብላ ጻፈች። አሰፋሽ ሌላውን ሁሉ ይቅር አለች፤ «አይዟችሁ»ን ግን ዓመቱን ሙሉ አልዋጠችውም። ዘንድሮ ደግሞ ታንጉት ለበዓሉ ራሷ መምጣቷ ነው።

«ዛፍ ካልገባ እኔም የለሁም፤ እንግዳህን አንተው ተቀበላት» አለች አሰፋሽ።

አቶ ቻላቸው ከሰመራ እስከ ሎጊያ በዓይናቸው አሰሱ። ለጥላ የተተከለውን የኒም ዛፍ መንካት ያስጠይቃል። ለምለም ሆኖ፣ ባለቤት የሌለውና ሲነቅሉት የሚያስመሰግን ዛፍ አንድ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ለምንድነው የማይቃጠለው?» አለ አብዱናሲር፣ ግንዱን እንደያዘ።

አቶ ቻላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለናሙና ነው። ጠላትን ለማጥፋት ባሕርዩን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። በአሁኑ ሰዓት በቁጥጥር ሥር ውሏል።»

«የት ሊቀመጥ?»

«ሳሎን። ጥበቃ ይፈልጋል።»

«ማሻአላህ» አለ አብዱናሲር፤ ግንዱን ለቀቀና ነጭ ጋዙን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ናሙናው አናቱ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ውስጥ አፈር ተሞልቶለት ሳሎን ቆመ። አሰፋሽ ከጅቡቲ መስመር ሹፌር የተዋሰችውን ባለቀለም መብራት ጠመጠመችበት፤ ከዱብቲ ያስመጣችውን ጥጥ ቆንጥራ ቆንጥራ እሾሁ ላይ ሰካችው። መብራቱና ቬንትሌተሩ አብረው ሲሠሩ ቆጣሪው ስለሚወድቅ፣ ቤተሰቡ ለሳይንስ ሲል በሙቀቱ ላብ በላብ ሆኖ ተቀመጠ።

በዋዜማው አብዱናሲር ሁለት ፓኬት ብስኩት ይዞ መጣ።

«እስረኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም ብዬ ነው። ይኼ ቦግ እልም የሚለው ምንድነው?»

«እንዳያመልጥ ነው» አሉ አቶ ቻላቸው።

«ጥጡስ?»

«ጥጥ አይደለም፣ በረዶ ነው» አለች አሰፋሽ ተቆጥታ። «ፈረንጅ አገር በገና ዛፉ ላይ በረዶ ይወርዳል።»

«እትዬ አሰፋሽ፣ በዚህ በእኛ ፀሐይ አይቀልጥም?»

«የዱብቲ በረዶ አይቀልጥም!»

በበዓሉ ቀን ታንጉት ገባች፤ አየች፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፎቶ ተነሳች። እሾሁ ሹራቧን ይዞ አለቅ ቢላት እንኳ አልተቆጣችም።

«ይኼማ የእኔን ያስንቃል! የምን ዘር ነው?»

ሚስትየዋ ባሏን አየች። ባልየው ጣሪያውን አዩ።

«አገር በቀል ነው» አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ «መጤ» ሲሉት የኖሩትን ዛፍ፣ ያለ አንዳች ስብሰባ ዜግነት ሰጡት። ጥግ ላይ የተቀመጠው አብዱናሲር ለስላሳው ትን ብሎት ሲያስል ጀርባውን መቱት። አሰፋሽ ግን ያን ቀን ለእህቷ ወጥ ስትጨምርላት «አይዞሽ፣ ብዪ» አለቻት።

በዓሉ ሲያልፍ ጥናቱም ተጠናቀቀ። መብራቱ ለሹፌሩ ተመለሰ። ዛፉ ከነጄሪካኑ ከኋላ አጥር ውጭ፣ የሻወሩ ውሃ ከሚወርድበት ቦይ አጠገብ ተጣለና ተረሳ። በረዶውን እሾሁ አልለቅም ስላለ አብሮ ሄደ።

ሰኔ ላይ፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ በጋለበት ቀን፣ ታላቁ የደጅ ለደጅ ፍተሻ ወጣ። አቶ ቻላቸው ኮፍያ ደፍተው ከፊት፣ ድምፅ ማጉያውን የተሸከመው አብዱናሲር ከጎናቸው፣ ሕዝቡ ከኋላ። በጓሮ በኩል ባለችው ቀጭን መንገድ ታጠፉ። የቆርቆሮ አጥር ከኋላው ሲታይ የማን እንደሆነ አይለይም። ከቦዩ አጠገብ አንድ ፕሮሶፒስ ጄሪካን ሰንጥቆ ወጥቶ፣ አጥሩን በልጦ፣ ለምልሞ ቆሟል።

አቶ ቻላቸው ድምፅ ማጉያውን ነጠቁ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! ይህን ጠላት በጉያው አቅፎ፣ ውሃ አጠጥቶ ያሳደገው ማነው? ራሱን ያጋልጥ! ይቅርታውን ሳንሰማ ከዚህ ንቅንቅ አንልም!»

ከአጥሩ ወዲያ የአሰፋሽ ድምፅ «ማነው ጓሯችን የሚጮኸው?» አለ።

አቶ ቻላቸው አጥሩን አዩ። ከዚያ ቦዩን አዩ። ድምፅ ማጉያው ከአፋቸው ቀስ እያለ ወረደ።

አብዱናሲር እጁን ዘርግቶ ከእሾሁ መካከል አቧራ የጠገበች ነጭ ነገር ነቀለ፤ ወደ ፀሐይዋ አንጋጦ አገላብጦ አያትና፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ ሊቀመንበሩ አፍ መልሶ ከፍ አደረገላቸው።

«ሊቀመንበር» አለ፤ «በረዶው አልቀለጠም።»