ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ብርድ

ሙቀት እንደ አንዳንድ ዘመድ ነው፤ አጠገቡ ያለውን እስኪያልበው ያቅፋል፣ ራቅ ያለውን መኖሩንም አያስታውስም። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም፤ እሱንማ ሳልጨርስ አቋርጬዋለሁ። እዚሁ አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ጥግ ዊንቸስተር ከተከራየናት ቤት ጣሪያ ነው።

በረሃው ቬጋስም ይበርዳል ስላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ጥር ላይ ኑና እንተያያለን።

የባለቤቴ እናት፣ እማዬ የምንላቸው፣ ከአገር ቤት ሊጠይቁን ሲመጡ እንደ ወጉ ትልቁን መኝታ ቤት ለቀቅንላቸው። ማሞቂያው ግን አክብሮት አያውቅም። ሳሎኑ ጎን ተቀምጦ ትኩሱን አየር በጣሪያው ውስጥ ይነፋል፤ አየሩም ቅርብ ቅርቡን አጥግቦ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ እማዬ ዘንድ ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል። አከበርን ብለን ብርድ ላይ ጣልናቸው።

እሳቸው ደግሞ አይናገሩም። «በረደዎት እንዴ?» ስላቸው «ኧረ ምን ጎድሎብኝ!» ይላሉ፣ ከሹራብ ላይ ካፖርት፣ ከካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው። ይሉኝታ ብቻ ነው ቢደርቡት የማያሞቅ። ማታ ማታ «ልጅቷን ልያት ብዬ» እያሉ ሳሎን ይመጡና ከልጄ ጋር በአንድ ጋቢ ይጠቀለላሉ። እሷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እሳቸው በአማርኛ ተረት ይመልሳሉ። እንዴት እንደሚግባቡ እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን ባለቤቴን «መመለሻዬን ቀደም አድርግልኝ» አሉት። ክው አልኩ። ልጄ «አያቴ» ማለት የጀመረችው ገና መቼ ነው?

ባለቤቴ ከካዚኖ የሥራ ሺፍቱ እንደ ገባ ማሞቂያውን ከፍ አደረገው። ሳሎኑ ዳቦ መጋገሪያ ሆነ፤ የእማዬ ክፍል ያው ነው። «አርጅቷል» አለ። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ያደግሁበት መኝታ ትዝ አለኝ። ለስንት ልጅ አንድ ብርድ ልብስ! ይኼኛው ዳር ሲስበው ያኛው ዳር ይገለጣል፤ መሃል የተኛው ላብ በላብ። እናታችን ሌላ ከየት ታምጣ? ከመሃለኞቹ ቀንሳ ወደ ዳር ትገፋልን ነበር። እየተጎነታተልን፣ በሳቅ እየፈረስን እንተኛለን። እንደዚያ የሞቀኝ ጊዜ የለም።

ወንበር ላይ ወጣሁ። የሳሎኑንና የልጄን ክፍል ቬንት፣ ያቺን አየር የምትተፋ ወንፊት መሳይ ክዳን፣ ገርበብ አደረግኋት፤ የእማዬን በሙሉ ከፈትኩ። በመዳፌ እየለካሁ ከዚህ ቆንጠር፣ ወደዚያ ጨመር። በማግስቱ ቤቱ እኩል ሞቀ፤ እማዬም እጄን ስመው መረቁኝ።

ከዚያስ? ልጄ በክፍሏ ከታብሌቷ ጋር፣ እማዬ በክፍላቸው ከዳዊታቸው ጋር፣ እኔ ከባዶው ሶፋ ጋር። ቤቱ ሞቀ፣ ሰው ቀዘቀዘ። የመመለሻው ነገርም እንደገና ተነሣ።

አንድ ምሽት ፎጣ ላደርስላቸው ስገባ ከዘራቸውን ወደ ጣሪያ አንስተው ቬንቷን ሊዘጉ መዝጊያዋን ይገፋሉ።

«እማዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምንም። አቧራ አይቼ።»

ፎጣውን አስቀምጬ ወጣሁ። ምንም አላየሁም፤ እናንተም አላያችሁም።

ወዲያው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ሳሎን መጡና ልጄን ጠርተው «በረደኝ፣ ጠጋ በይልኝ» አሏት። ከመጡ ጀምሮ በረደኝ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ባለቤቴ ደንግጦ «እንግዲያው መመለሻሽን ላፋጥነው?» ቢላቸው፣ ልጄን ወደ ጉያቸው እየሸጎጡ ገላመጡት።

«በዚህ ብርድ? ምነው ልጄ፣ መንገድ ላይ ልትገድለኝ ነው?»