ዓሦቹ ጾም የያዙ ዕለት

ትናንት ጋሽ መርዕድ ሕልም አዩ። ሰው ሕልም የሚያየው አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው፤ እሳቸው ግን በቀን፣ ያውም ራሳቸው በሚመሩት ስብሰባ መካከል፣ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳሉ አዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ መርዕድ ሐዋሳ ውስጥ የመንጠቆ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። አባላቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሐይቁን በነፃ ያገለግላሉ፤ ተጥሎ የቀረ መረብ ይጎትታሉ፣ ባዶ ሃይላንድ ይለቅማሉ፣ ዳር ዳሩን ፊላ ይተክላሉ። «ጓዳው» የሚሉት የሐይቁ ጥግ ፊላ ከበቀለበት ወዲህ፣ ጠፍታ የከረመችው ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ ተመልሳ ልጆቿን እዚያ ማሳደግ ጀመረች። እሰየው ነው! ችግሩ ሁዳዴ ገባ። ሁዳዴ ሲገባ ከተማው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። ታዲያ ጓዳው እስከ ፋሲካ ለመንጠቆ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? እጅ ሲወጣ እኩል ለእኩል ሆነና ነገሩ በሊቀመንበሩ ድምፅ ላይ ወደቀ።

«አይዘጋ» ባዮቹን የሚመራው ደግሞ ዱባለ ነው፤ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ያለ ዓሣ ጾም የማይሆንለት ዱባለ። እሱን ከማስቀየም ሞት ይሻላቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ «እስቲ ትንሽ ላስብበት» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሲገልጡ ሐይቁ የለም። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትርፍራፊ ለቃሚው መላጣ ወፍ፣ ሽርጥ ታጥቆ ቢላ ይስላል፤ ከእግሩ ሥር ሰዎች አንገታቸውን ሰብረው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ።

«ሐይቁስ?» አሉት።

«ከተማ ወጥቷል። ጉዳይ አለው።»

እውነትም ሐይቁ ባጃጅ እንዳይገጨው ጥግ ጥጉን ይዞ አስፋልቱን ሽቅብ ይሄዳል። ከኋላው አምባዛ የሚባሉት ባለ ሪዝ ዓሦች የማኅበሩን ሰደርያ ለብሰው፣ ማዳበሪያ ይዘው፣ በየመንገዱ የተጣለ ሰው ይለቅማሉ። አንዱ አምባዛ አንድ ጡረተኛ አንስቶ አራገፈና፣ «ይሄኛው እንኳ ገና ይሠራል» አለ።

ጋሽ መርዕድ መቼም ሐይቅ ካዩ አያስችላቸውም፤ ትል ሰክተው መንጠቆ ወረወሩ። አንድ ጎረምሳ ዓሣ ብቅ ብሎ ትሉን አሸተተው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ ጾም ይዣለሁ።»

«ምን ይዘሃል?»

«ጾም ነዋ! ትል ፍስክ ነው። ሽሮ ቢጤ የለዎትም?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

ሐይቁ የማኅበሩ አዳራሽ ሲደርስ በሩን አንኳኩቶ ገባ፤ ጋሽ መርዕድም ተከትለው ገቡ። ወንበሩን ሁሉ ዓሣ ይዞታል። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው አጀንዳ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ጾም ነው ወይስ ፍስክ?

«ጾም ነው እንጂ! ከውሃ ውጭ ያለ ነገር ሁሉ ጾም ነው» አለ አንድ ወፍራም አምባዛ። ድምፁ ቁርጥ የዱባለን።

«ኧረ ደም አለው!»

«ትንሽ ናት፤ ሲጠበስ ትጠፋለች።»

«አባቶቻችን በጾም በልተውት ያውቃሉ?»

«ስላላገኙት ነዋ!»

ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል ለእኩል ሆነ። ዓሣ ሁሉ ወደ ሊቀመንበሯ ዞረ። ሊቀመንበሯ ቆሮሶ ናት፤ ጉንጮቿ ተነፍተው ዝም ብላለች። ጋሽ መርዕድ ገባቸው። አፏ ውስጥ ልጆቿ አሉ። ቆሮሶ እንዲህ ናት፤ ልጆቿ ዋና እስኪጠነክሩ ድረስ በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ እስከዚያ ምንም አትቀምስም። ከዚህ ወዲያ ጾም ከየት ይመጣል?

«እመቤቴ፣ ስለ ልጆችዎ! ፍስክ ነው ይበሉልኝ!» ብለው ለመኗት።

እሷም የአምባዛዎቹን ምራቅ አየች፣ የእሳቸውን እንባ አየች፤ አፏን ከፈተች።

«ፍስክ ነው።»

ጋሽ መርዕድ ዳኑ። ልጆቿ ግን አብረው ተዘረገፉ፤ አምባዛዎቹም ሰፍ አሉ። ወይ ጉድ! ጋሽ መርዕድ ተንበርክከው አፋቸውን በረገዱት፤ «ኑ የኔ ልጆች፣ ቶሎ ኑ!» ግር ብለው ገቡ። አፋቸውን ገጥመው ያዟቸው። ምላሳቸው ላይ ሲርመሰመሱ ሲሰማቸው ጉንጫቸውን ነፍተው ቦታ አሰፉላቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን የታቀፉ ቀን እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቁም።

«አደራ» አለች እናትየው።

«መርዕድ! አንተ መርዕድ!»

ዱባለ ነው። ነቁ። ስብሰባው እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዱባለ ደግሞ በዚያች አፍታ፣ ልባቸውን ላራራ ብሎ፣ ጠዋት ከጓዳው ያጠመደውን ቆሮሶ አስጠብሶ አምጥቷል። ትኩሱን ከዳጣው፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ አጥቅሶ ከንፈራቸው ላይ ደቀነው።

«ተኝተህ ነው እንዴ የምታስበው? በል ጉረስና ወስን።»

ጋሽ መርዕድ ጉንጫቸው እንደተነፋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በሞቴ!»

ዕድሜ ልካቸውን የዱባለን ጉርሻ እምቢ ብለው አያውቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አፋቸው ግን አልተከፈተም።

«ሊቀመንበር፣ እንግዲህ ይናገሩ» አለች ጸሐፊዋ ወርቅነሽ። «ጓዳው ይዘጋ የሚሉ?»

ቀኝ እጃቸውን እስከ ላይ አወጡ። ከዚያ በግራ መዳፋቸው አፋቸውን ከድነው፣ ወንበሩን ገልብጠው፣ ወደ ሐይቁ ሮጡ።

ዱባለ ጉርሻውን እንደያዘ ከኋላቸው ይሮጣል፤ «ኧረ መርዕድ! ዓሣ እኮ ጾም ነው!»