ውሻ በገርብራንት ዘመን

በትር ተሰጥቶት ንጉሥ ያልሆነ ዘበኛ ገና አልተወለደም። በየትኛውም አገር አንድ ሰው በር ላይ አቁማችሁ "ይህን ጠብቅ" በሉት፤ በሳምንቱ እናንተኑ "ማን ናችሁ?" ይላችኋል።

በሆላንድ አገር የሃርለም ከተማው ክቡር ገርብራንት የታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውሻ አባራሪ ነበር። ቀልድ አይደለም፣ ሹመት ነው፤ ጅራፍ አለው፣ ከግንቡ ጥግ የተለጠፈች መኖሪያ ክፍልም አለችው። ስብከት ሲረዝም ሕዝቡ ያንኮራፋል፤ ሙቀት ሲመጣ ከወለሉ ሥር የተቀበሩት ባለጠጎች ይሸታሉ። ይህ ሁሉ ተፈቅዷል። ለሞተ ባለጠጋ ወለል ይፈለፈላል፣ በቁሙ ለሚበርደው ፍጥረት ግን በር ይዘጋል።

"በእኔ ዘመን አይሆንም" ይላል ገርብራንት፣ አገጩን ሽቅብ አንሥቶ። አንድ እሑድ የከንቲባው ሚስት ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ከጠጉር የተሠራ እጅ ማሞቂያ ውሻ መስሎት በጅራፉ ሾጥ አደረገው። ይቅርታ እንደ መጠየቅ፣ "ተነሥቶ ቢጮህ ኖሮ ማን ሊጠየቅ ነበር?" አለ።

ብርዱ በበረታበት ወር ሠዓሊው ፍሎሪስ በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለውን ጎቲክ በሚሉት በጥንቱ አሠራር የታነጸ ጸሎት ቤት እንዲሥል የቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት አዘዙት። ሹል ቅስቶቹን ሣለ፣ በኖራ የነጡትን ዓምዶች ሣለ፣ "ጣዖት ናቸው" ያለ የሃይማኖት ቁጣ አንገታቸውን የቀነጠሳቸውን የድንጋይ ቅዱሳን ሣለ። ከአንዱ ዓምድ ሥር ደግሞ ያየውን ሣለ፤ እግሩን ያነሣ ቡናማ ውሻ።

ገርብራንት ሲያየው ፊቱ እንደ ግድግዳው ነጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ውሻ ነው፣ ጋሼ ገርብራንት።"

"በእኔ ዘመን ውሻ የለም።"

"ትናንት ነበር። ዛሬም ነበር።"

"ስማ አንተ፣ ይሄ የሚሰቀለው ሹማምንቱ የሚሰበሰቡበት ክፍል ነው። ጅራፌን ተቀብለው በዚህ ብርድ ከነጓዜ ሜዳ ላይ ይጥሉኛል። አጥፋው።"

"እኔ ያየሁትን ነው የምሥለው።"

"እንግዲያው ዐይንህ ይጥፋ።"

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሠዓሊው ጀርባ እየቆመ አንዴ ይራገማል፣ አንዴ ይለማመጣል። "በቃ ፍየል አድርገው" እስከ ማለት ደረሰ። "በፍየል አልጠየቅም።"

ፍሎሪስ እውነት በመናገር ወዳጅ የጨረሰ ሰው ነውና ንቅንቅ አላለም።

አንድ ማለዳ ግን ከወትሮው ቀድሞ መጣ። የጎኑ በር ገርበብ ብሏል፤ ከጸሎት ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል።

"ብላ፣ አንተ ሌባ። ደወል ሳይደወል ውጣልኝ። በስተርጅና አታዋርደኝ።"

ክቡርነታቸው ተንበርክከው ቡናማውን ውሻ ቢጫ የአይብ ቅርፊት ያጎርሱታል። ያ አገር ያስፈራ ጅራፍ ተጠቅልሎ ለውሻው ትራስ ሆኗል።

ፍሎሪስ ኮቴውን አጥፍቶ ተመለሰ። ውሻውን ከሥዕሉ አላጠፋም። ከኋላው ግን አንድ ሰው ጨመረበት፤ በጎን የቆመ፣ ጅራፍ የሰነዘረ፣ አገጩ ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ።

ሹማምንቱ ወደዱት። "ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማለት ይሄ ነው" አሉ። ስለ ቅስቶቹ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ድሮስ ከሹም ምን ይጠበቃል።

እነሱ ሲወጡ ገርብራንት ሥዕሉን ተጠግቶ አየው። የተሣለው ሰው ግራ እጁን ወደ ኋላ ደብቋል፤ በጣቶቹ መካከል ቢጫ ነገር አለ። ሹማምንቱ የተንጠባጠበ ቀለም መስሏቸው አልፈውታል።

ገርብራንት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ውሻው" አለ፣ ወደ ፍሎሪስ ሳይዞር፣ "ከዚህ ይወፍራል።"