መጋቤ ሊንክ ምንይሉ ዘሞጣ

ድምፅ የሚለምን ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ የለም። ስልካችሁ ሲጮህ “ማን ሞተ? ማን ወለደ?” ብላችሁ ደንግጣችሁ ስታነሡት፣ “ሰላም ናችሁ? ይችን ሊንክ ነካ አድርጉልኝ” የሚላችሁ እሱ ነው። ለእናንተ ተራ ለማኝ ደርሷችሁ ይሆናል። ለእኔ የደረሰኝ ግን የለማኞቹ አለቃ፣ ክቡር መጋቤ ሊንክ ምንይሉ ዘሞጣ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም በቅናት ነው።

በየዓመቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ለምርጥ ድረ ገጾችና ለኢንተርኔት ፈጠራ ሽልማት ይሰጣል። አሸናፊው የሚለየው በሕዝብ ድምፅ ነው። የእኔ ድረ ገጽ ስለ ትውልድ ከተማዬ ስለ ቢቸና ነው፤ ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ፎቶው ይሽከረከራል፣ ጽሑፉ ከግራ በኩል እየተንሳፈፈ ይገባል፣ ሲከፈት በገና ይደረደራል። የምንይሉ ግን ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ነው፣ አለቀ። ማን እንደሞተ፣ የት እንደሚቀበር፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ ይጽፋል፤ የዕድር ጥሩንባ በሉት። በዚሁ ሁለት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። እንዴት አልቃጠል?

ልመናው ደግሞ ቦታ አይመርጥም። ሠርግ ላይ ኬኩ ሳይቆረስ ከሙሽሮቹ ድምፅ ወስዷል። ለቅሶ ቤት ሲገባ “እግዜር ያጥናችሁ” ብሎ ይቀመጣል፤ ንፍሮውን እየቆረጠመ ጥቂት ይቆይና አጠገቡ ወዳለው ሰው ጠጋ ይላል።

“ጣት ብቻ ናት፤ ክንድ አልጠየቅሁም” ይላል በሹክሹክታ።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ መስቀል ሲያሳልሙት፣ “አባ፣ ስልክዎን ይዘዋል?” ብሎ ጠይቋቸዋል ይባላል። እሳቸውም ይዘው ነበር።

ዘንድሮ እኔም እፍረቴን ቤት ትቼ ወጣሁ። በገበያ ቀን ቢቸና ገበያ መግቢያ ላይ ቆሜ የአገሬን ሰው መለመን ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሰው “ለምንይሉ ሰጠሁ እኮ” አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ሴትዮ ምንይሉ አንተ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሲመረኝ ወደ እናቴ ወደ አስናቀች ቤት ገባሁ።

“እኔስ ለዚያ ለሞጣው ልጅ ሰጠሁ” አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

“እማ፣ የወለድሽው እኔን አይደለም?”

“አንተንማ ወለድሁ። እህቴ ይርጋነሽ አምና ሞጣ ላይ ስታርፍ ለዘመዱ ሁሉ ያደረሰ እሱ ነው። ከየጥኖራ፣ ከመርጡለ ማርያም ሰው ገስግሶ መጥቶ ቀበራት። ያንተን ከፍቼ ማንን ልቅበርበት? ፎቶው ሲዞር ራሴን ያዞረኛል።”

እናቴን በገዛ ቤቷ ተቀማሁ።

የሽልማቱ ቀን እሑድ ነበር። ጎረቤታችን አቶ አካለ ወልድ ቅዳሜ ዐርፈው ቀብራቸውም እሑድ ሆነ። ቢቸና ላይ ከጎረቤት ቀብር መቅረት ዓመት ሙሉ የሚነሣ ነገር ነው፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም ሱፌን ለብሼ ወደ ማርቆስ ሄድሁ። ያን ዋንጫ በጣም ፈልጌው ነበር።

“አንደኛ፣ ምንይሉ ፋንታ ከሞጣ” ተባለ። በሁለት ድምፅ በለጠኝ። አንዷን አውቃታለሁ፣ የእናቴ ናት። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ምንይሉ ግን የለም። መድረክ መሪው “ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ይቀበልለት” ሲል ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። የቀናሁበትን ዋንጫ በገዛ እጄ ተቀብዬ፣ ፈገግ በል ተብዬ ፎቶ ተነሥቼ፣ እስከ ቢቸና ድረስ ጭኔ ላይ ታቅፌው ተመለስሁ።

እንደወረድሁ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ክቡር መጋቤ ሊንክ ድንኳኑ ውስጥ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከሞጣ መጥቶ አስከሬን ሲሸከም ነው የዋለው።

“ሽልማትህን ትተህ?” አልሁት።

“ኑ ብዬ ጽፌ እኔ ልቅር?”

ጎረቤቶቼ ከቀብር መቅረቴን አይተው ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ “ለእኔ ጉዳይ ማርቆስ ልኬው ነው” ብሏቸዋል። ስለዚህ ማንም አላኮረፈኝም። ዋንጫውን ሳቀብለው ውሸቱ እውነት ሆነ።

እሱም ዋንጫውን ጋቢው ውስጥ ከተተና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “ለመሆኑ ዘንድሮ ጣትህን ለማን ሰጠህ?”

“ለራሴ ነዋ” አልሁት።

ዋሸሁት። ድምፅ መስጫው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ስሕተት ልለቅምበት ብዬ የእሱን ገጽ ከፍቼ ነበር። የአክስቴ የይርጋነሽ ስም መጣብኝ። ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው “ነፍስ ይማር” ብሎ ጽፏል፤ እንጀራ ያበላቻቸው፣ ፊደል ያስቆጠረቻቸው፣ ጨርሶ የማላውቃቸው ሰዎች። አክስቴ ያን ያህል ሰው እንዳላት አላውቅም ነበር። አንድ በአንድ እያነበብሁ አለቀስሁ፤ ስጨርስ ጣቴ ሊንኩን ነካች።

ሁለተኛዋ ድምፅ የማን እንደሆነች እሱ አያውቅም። ለእናቴም አልነገርኋትም።